የቲዋናው ጉርሻ

እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ፊት መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ መንገድ ዳር የሚጋገር የበቆሎ ቂጣ ሸተተኝና ደሜ ፈላ።

ወደ አሜሪካ ለመሻገር ሜክሲኮ፣ ቲዋና ከተማ ተራ ስንጠብቅ ልጅ ነበርኩ። እንጀራ አይገኝም። እማዬ ጎረቤታችን በሰጠቻት ትኩስ የበቆሎ ቂጣ ሽሮ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጣፈጠኝ። አባዬ ከእጄ ነጥቆ ወለሉ ላይ ወረወረው።

«ይሄን ካስለመድሻት እዚሁ መቅረታችን ነው!»

«አንተ ነገን ኑር፤ ልጄን ግን ዛሬ ርቧታል» አለችው እማዬ። ነገን መኖር ምን እንደሆነ አልገባኝም። እሷ ግን ሌላ ጠቀለለችና ዓይን ዓይኑን እያየች አጎረሰችኝ።

ያን እያሰብኩ ምግብ ቤቱ ስገባ አባዬ ለጓደኞቹ ያወራል። «ሜክሲኮ ሳለን ልጄን አንድ ቀን አላስራብኳትም።»

«ያላስራበችኝ እማዬ ናት» አልኩት፣ ሁሉም እየሰማ።