ቆመው የቀሩት ሽማግሌዎች

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ እያልኩ ስኮራ ኖሬ፣ የራሴው ኮምፒውተር ጉድ የሠራኝ ሚስት ሳስጠይቅ ነው።

ልጅቷ እዚሁ ገዳሪፍ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ የፋሽጋን የእርሻ ትራክተሮች ሲጠግኑ ያረጁ መካኒክ ናቸው። የእኔ ሽማግሌዎች ደግሞ ያሉት ጎንደር ነው፤ መንገዱ ስለማያስመጣ ልመናው በቪዲዮ ይሁን ተባለ። በስልክ እንዳይሆን አባትየው «ሽማግሌ መዳፌ ላይ አላስቆምም» አሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሬን ተሸክሜ ሄጄ፣ ካሜራ ሰክቼ፣ ሳሎናቸው ውስጥ አቆምኩት። በወጉ እኔ እዚያ ቤት ዝር ማለት የለብኝም፤ ግን ቴክኒሻኑም እኔው ስለሆንኩ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጥኩ። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም እንዳላየ ሆነ።

እሁድ ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። «ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰሊጡ። በመጨረሻ ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅዎን ለልጃችን…» ከማለታቸው ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ዘልዬ ወጥቼ አጠፋሁት።

እስክናስነሳው ድረስ ሽማግሌዎቹ ሄደዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆነው አጎቴ ደውሎ «መልሰውናል። ጥሩ አባት በመጀመሪያው እሺ አይልም፤ በሳምንቱ እንመለሳለን» አለኝ። ኮምፒውተሩ ነው ብል ማን ይስማኝ!

በሙቀቱ አሳበብኩ። አቧራውን አራገፍኩ፣ ማቀዝቀዣውን ቀየርኩ፣ ሜሞሪውንም ለወጥኩ። በሁለተኛው እሁድ ሽማግሌዎቹ እዚያችው ቃል ላይ ሲደርሱ እንደገና ሰማያዊ ሆነ፤ አሁንም ሮጬ አጠፋሁት።

አጎቴ በዚህኛው ተቆጣ። «ሁለቴ እዚያችው ቃል ላይ? ሰውዬው ራሳቸው ናቸው የሚያጠፉት! አንድ ጊዜ እንሞክራለን፤ ከሦስተኛው በኋላ ግን ሽማግሌ አይላክም።» ልጅቷን በአንድ እሁድ ላጣት ነው ብዬ ሱቄን ዘጋሁ።

በማግስቱ አባትየው ጋራዣቸው አስጠሩኝ።

«ሲጠፋ ምን ብሎ ይጽፋል?»

«አላነበብኩትም፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«አፍሬ።»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ሞተር ሲጮህ ይደመጣል እንጂ አፉ አይታፈንም! በል አምጣና እፊቴ ይጥፋ።»

አመጣሁት። ካሜራውን ከፍተን ሻይ እየጠጣን ጠበቅን። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሰማያዊው ገጽ መጣ። ሽማግሌዎቹ ሰላምታ ጨርሰው ወደ ጉዳያቸው የሚገቡትም ልክ በአሥር ደቂቃ ነበር። እጄን ሰብስቤ አነበብኩ፤ ከታች የአንድ ፋይል ስም አለ፦ የካሜራው ድራይቨር። ኮምፒውተሩ ካሜራውን የሚያዝበት ትንሽ ፕሮግራም ነው። እኔ ሲስተሙን ባለፈው ክረምት አድሼ፣ ድራይቨሩን ግን ከድሮ ፍላሽ ላይ የጫንኩትን ትቼው ኖሯል። ለደንበኞቼ ሁልጊዜ የምመክረውን ለራሴ ረስቼ! አሮጌውን ነቅዬ ትክክለኛውን ጫንኩ። ከዚያ ካሜራውን ከጠዋት እስከ ማታ ከፍቼ የገዛ ፊቴን ሳይ ዋልኩ፤ አልጠፋም።

ሦስተኛው እሁድ። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን መጥተናል» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተሰማ። እኔ መጋረጃውን ጨብጬ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ሁለት ጊዜ መልሻችኋለሁ» አሉ አባትየው። «ወጉ ደርሷል። ከላስ፣ በቃ፣ ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን እያሻሹ ተቀመጡ።

«ደግሞ ልጃችሁን አይቼዋለሁ» ብለው ቀጠሉ። «ያ ዕቃ ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ሲያዋርደው እጁን አላነሳበትም። እኔ እንኳ ትራክተር ሲቆምብኝ በመዶሻ ነው። ልጄን የምሰጠው እጁን ለሚሰበስብ ሰው ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ እንባዬ መጣ። ከሁለተኛው እሁድ በኋላ ግን ሱቄን ዘግቼ ያንን ኮምፒውተር በጥፊ አጩዬዋለሁ። ይህን ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ከሠርጉ በኋላ ነው፤ ለአባቷ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።