ቡና ሲረክስ የሚበዛ ክፍል

በኪራይ ቤት መበልጸግ የሚሻ ሰው ሚዛን ተፈሪ ከተማ መጥቶ፣ በሱፍ ኮትና በቦቲ ጫማ ደጃቸው ላይ የሚቀመጡትን አዛውንት ይመልከት። ዘዴያቸው ግሩም ነው። የቡና ዋጋ ወድቆ ከተማው ሲቀዘቅዝ ሌላው ቤቱን ይሸጣል፤ እሳቸው ግን አንዱን ክፍል በችፑድ ለሁለት ከፍለው፣ ርካሽ ቤት ለሚፈልግ ያከራያሉ። በመጀመሪያው ቅዝቃዜ ጓዳው ተከፈለ፤ በሁለተኛው ሳሎኑ። ዘንድሮ ተራው የመኝታ ቤታቸው ሆነና እሳቸው ማድ ቤት ገቡ። እግራቸውን ከዘረጉ በሩ አይዘጋም።

«ጋሼ፣ ለምን ሸጠውት አይገላገሉም?» አለቻቸው ተከራያቸው መምህርት ማሚት።

«ልጆቼ የመጡ ለት የት ሊያርፉ ነው?» አሉ፣ የቀረችውን የሳሎን ግማሽ በሜትር እየለኩ።