ቆርኬ ፍለጋ በሁዳዴ

ከጎሬ የተነሳነው በሁዳዴ ጾም አጋማሽ ነው። ባለቤቴ አቶ ደምሴ ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ነጭ ጆሮ ቆርኬ በጋምቤላ ሜዳ ላይ በመንጋ እንደሚፈልስ ስንቱን ተማሪ አስተምረዋል፤ አይተው ግን አያውቁም። አሁን ዓይናቸው ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው፤ ሐኪሙም እንደማይድን ነግሯቸዋል። «ሳይዘጋ መንጋውን ልይ» አሉ። በሶና ዳቦ ቆሎ አሰናዳሁ።

የንስሐ አባታችን ሕመማቸውን አይተው እንዳይጾሙ ፈቅደውላቸው ነበር። እሳቸው ግን «የታመመው ዓይኔ እንጂ ሆዴ አይደለም» ብለው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አልቀምስ አሉ። እኔም አብሬ ጾምኩ።

ቁልቁለቱ

ከቡሬ በታች መንገዱ ይጠማዘዛል። አውቶቡሱ በወረደ ቁጥር ተሳፋሪው ልብሱን ይቀንሳል፤ ጋምቤላ ሹራብ ለብሼ የገባሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ባሮ ጎድሏል፤ ከድልድዩ ሥር ሴቶች ያጥባሉ፣ በዳርቻው ማንጎ ይሸጣል። ክልሉ ከተቋቋመ ብዙም ስላልቆየ የክልሉ ቢሮ ሰሌዳ ቀለም ገና ይሸታል።

የፓርኩን ፈቃድ የሰጠን ሠራተኛ የደጋ ሰው ነው።

«በእግር? በዚህ ሙቀት? የሚከለክላችሁ ልጅ የላችሁም?»

«ሦስት አሉን፤ አልነገርናቸውም» አሉ ባለቤቴ።

ሜዳው

በማግስቱ በጭነት መኪና አቦቦ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ኦጁሉ የሚባል አኙዋ የፓርክ ጠባቂ እየመራን በእግር ሆነ። ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሯል፤ በአመዱ መሃል አዲስ ቡቃያ ወጥቷል። ቆርኬዎቹ የሚመጡት ይህን ለመጋጥ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ኮቴ ብቻ አየን።

በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ኦጁሉ ኮዳውን ዘረጋልን። እምቢ አልን።

«አባባ፣ እኛም ጴንጤዎች እንጸልያለን» አለ፤ «ግን ውሃ እየጠጣን ነው።»

ባለቤቴ ሳቁ፤ አልጠጡም። ቀትር ላይ እርምጃቸው ተዛነፈ፤ ክንዴን ያዙ።

«ዓይኔ ጨለመ» አሉ።

አንድ የበደኖ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው። የፈራነው እዚህ ደረሰ ብዬ አሰብኩ። ኮዳውን አቀረብኩላቸው፤ በእጃቸው ገፉት።

«ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም።»

«ጋሼ፣ የመጡት ሊያዩ ነው ወይስ ሊጾሙ? መጾሙን ጎሬም ይችሉ ነበር» አልኳቸው።

ኮዳውን ከፍቼ እሳቸው ፊት ጠጣሁ። ውሃው ሞቆ የጎማ ሽታ ነበረው። ስውጥ ሰምተው ቀና አሉ።

«አንቺ ጾሙን ሻርሽው?»

«ሻርኩት። ብቻዬን አይተዉኝ።»

ጠጡ። ኦጁሉ ፊቱን አዙሮ ሜዳውን ይመለከት ጀመር። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ባለቤቴ የጫማቸው ማሰሪያ መፈታቱን ነገሩኝ። ዓይናቸው አልተዘጋም፤ ያዞራቸው ጥም ነበር።

እዚያው ጥላ ሥር ሳለን ከምዕራብ አቧራ ተነሳ። ኦጁሉ በእጁ ዝም በሉ አለን። መጀመሪያ ቀላ ያሉት እንስቶች፣ ቀጥሎ ጥቋቁሮቹ ወንዶች ነጭ ጆሯቸው እየታየ መጡ። ባለቤቴ የሚያዩት መሃሉን ብቻ ስለሆነ በዚያች ጠባብ ቦታ እያለፉ ይጠፉባቸዋል፤ ሌሎች ይተካሉ።

«አላለቁም?» አሉ በሹክሹክታ።

«አላለቁም።»

ጥቂት ቆይተው ደግመው ጠየቁ። እኔም ደግሜ መለስኩ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንዲህ ቆየን።

ጎሬ

በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ሹራቤን ቡሬ ላይ ለበስኩ። የዚህ ጉዞ ትምህርት አንድ ነው፤ ከሰው ጋር መጾም ይቻላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቀድሞ መሻር ያስፈልጋል።

ባለቤቴ ሄደው ለንስሐ አባታችን ሁሉንም ተናገሩ። ለእሳቸው አስቀድሞ ስለተፈቀደላቸው ምንም አልተጨመረባቸውም። እኔ ግን ጤነኛ ነኝ፤ ስግደት ታዘዘብኝ፤ ብዙ ነው። ማታ ማታ ስሰግድ ከጎኔ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው አሁን ከመብራቱ በቀር ብዙም አይለይም።

«አላለቀም?» ይላሉ።

«አላለቀም» እላለሁ።