የሶረቲ መንታ

ሶረቲ ግቢዬ ጥግ ያለችውን ሰርቪስ ቤት የተከራየች የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ ኮምፒውተር ነው አሉ። ጨዋ ናት፣ ግን ሐሳቧ ሁሌ ሌላ ቦታ ነው። ልብስ ታጥብና ሳታሰጣ ትተኛለች። ወጥ ትሠራና ጨው ትረሳለች።

እኔን ዘውድነሽን «ጆሮዋ ከበድ ይላል» ይሉኛል። ሲፈልግ ይሰማል። አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ጎመን ሳጥብ ሶረቲ በስልክ ታወራለች።

«ውስጡ አንድ አለ፤ እሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ አለ። የውስጠኛው እንቅስቃሴ ደክሟል። ለሐሙስ ካልደረሰልኝ አለቀልኝ።»

እንግዲህ ሴት ልጅ እንዲህ ካለች ምን ይባላል? ጎመኑን ጥዬ ባለሱቋ ፋዲላ ጋ ሄድኩ። ለእሷ ብቻ ነው የነገርኳት። «መንታ ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት። ፋዲላ ሆዷ ውስጥ ነገር አያድርም። ወሬው ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ መቂ ላይ ሽንኩርት እንኳ ሳይገዛ አርሲ ነገሌ ገባ።

በማግስቱ የሶረቲ እናት ቡዜ ቅቤና የገብስ ዱቄት ተሸክማ ከች። እኔም ወንበሬን ይዤ ሶረቲ በር ላይ ተቀመጥኩ፤ ጥላው ደስ ስለሚል።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ማነው?» አለች ቡዜ።

«ማን ማነው?»

«ያስጀመረሽ።»

«መምህር ሰይፈሚካኤል ናቸዋ። ሐሳቡን ያመጡት እሳቸው ናቸው።»

«ሚስት አላቸው?»

«አላቸው፤ እሷም ታግዘኛለች።»

ቡዜ ዱቄቱ ላይ ዘፍ አለች። «ዕቃሽን ሰብስቢ፣ ዛሬውኑ አገርሽ ትገቢያለሽ።»

«እማዬ፣ ሐሙስ መምህራን ፊት ሥራዬን ካላሳየሁ ዲግሪ የለም።»

«መንታ ተሸክመሽ የምን ዲግሪ?»

ሶረቲ መጀመሪያ አፏን ከፈተች፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«መንታው ኮምፒውተር ነው» አለች። «ትልቁ ሆድ ውስጥ በማስመሰል ሌላ ኮምፒውተር እከፍታለሁ፤ እሱ ሆድ ውስጥ ደግሞ ሌላ። ውስጠኛው አንድ ነገር ሲፈልግ የላዩን ይጠይቃል፣ የላዩ ትልቁን ይጠይቃል፣ ትልቁ ደግሞ ነገሩ ሁሉ የተቀመጠበት ሚሞሪ ድረስ ይሄዳል። አንቺ ጨው ስትፈልጊ ለእኔ ነግረሽ፣ እኔ ለእማማ ዘውድነሽ ነግሬ፣ እሳቸው ፋዲላ ሱቅ እንደሚሄዱት ማለት ነው።»

«ወጡ ያርራላ» አለች ቡዜ።

«አዎ። እሳቸው መንገድ ላይ ወሬም ይይዛሉ። ስለዚህ ውስጠኛው አጠገብ ትንሽ የጨው ዕቃ አስቀምጣለሁ። ቶሎ ቶሎ የሚፈልገውን ከዚያ ያነሳል። ካሽ ይባላል።»

«ካሽ ካለሽማ ጥሩ ነው» አለች ቡዜ ለስለስ ብላ። «ግን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ሐሙስ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

እኔም ሄድኩ። ቡዜን ብቻዋን እንዴት እተዋታለሁ?

ሶረቲ መምህራኑ ፊት ውስጠኛውን ኮምፒውተር መጀመሪያ ያለ ጨው ዕቃው አስነሳችው። ተንቀራፈፈ፤ ቡዜ አጠገቤ ቅቤ የነካካ ጣቷን ትነክሳለች። ከዚያ ካሹን ጨመረችበት። ውስጠኛው ጠብ እርግፍ ማለት ጀመረ። መምህራኑ ተያዩ፣ ጥያቄ ጠየቁ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ። መጨረሻ ላይ መምህር ሰይፈሚካኤል ተነስተው፣

«እንኳን ደስ አለሽ ሶረቲ፤ በሰላም ተገላገልሽ» አሏት።

ይሄን ቃል ሰምታ ቡዜ ዝም ልትል ነው? ለወንድ ልጅ የሚባለውን እልልታ አቀለጠችው። አንዱ መምህር ብርጭቆው ከእጁ አመለጠው።

የገብሱ ዱቄት አልባከነም። ለሶረቲ የአራስ ገንፎ ተሠራላት፤ መምህሩም ከነሚስታቸው መጥተው በሉ። ጨው ግን አልነበረውም፤ ያገነፋችው ሶረቲ ናት።

ያንን ወሬ ማን እንዳወራው ቡዜ እስከዛሬ ትጠይቀኛለች። እያጣራሁላት ነው።