የጃፓን ዘፈን በአንድ ለአምስት

የመሐል ሜዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት አለቃችን ከጃፓን ሲመለስ ይዞት የመጣው ዕውቀት በአንድ ሻንጣ የሚገባ ነበር። ማይክ ያለው የካራኦኬ ማጫወቻ ነው። ሙዚቃው ብቻውን ይሄዳል፣ ግጥሙ በላቲን ፊደል ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል፣ ሰውየው ማይኩን ይዞ ይዘፍናል። የተላከው ካይዘን ስለሚሉት የሥራ ማሻሻያ እንዲሠለጥን ነበር፤ ያን ጊዜ ካይዘን የማይነሣበት ስብሰባ አልነበረም። ምን ተማርክ ሲባል ግን የሚያወራው ሠልጣኞቹ ማምሻውን ስለሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው። እዚህ ወረቀቱ የራሴ ስለሆነ አንቱታውን አስቀርቼበታለሁ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ሰው አንድ የጃፓን ዘፈን ይዘፍናል። የዘፈኑ ስም በ«ራ» ካለቀ ቀጣዩ ሰው ስሙ በ«ራ» የሚጀምር ዘፈን ማምጣት አለበት። የሱ በ«ሚ» ካለቀ ሦስተኛው በ«ሚ» ይነሣል። በ«ን» የሚያልቅ ዘፈን የመረጠ ወዲያው ይወድቃል፤ በጃፓንኛ በ«ን» የሚጀምር ቃል የለምና። ጃፓኖች ይህን የሚጫወቱት ከሥራ በኋላ፣ ሞቅ ሲላቸው፣ ሊሳሳቁ ነው። የኛው ጉድ መሐል ሜዳ አምጥቶ ሥራ አደረገው።

በአንድ ለአምስት አደራጅቶ ነው ሥራ ያደረገው። ያን ጊዜ ሠራተኛ ሁሉ አምስት አምስት እየሆነ ከአንድ መሪ ሥር ይመደብ ነበር፤ እሱ ቡድኖቹን «ሰንሰለት» አላቸው። እቅድ ወጣ፣ ሪፖርት ተጠየቀ፣ አርብ ከሰዓት የልምምድ ጊዜ ሆነ። በግምገማም ላይ «ሰንሰለት መበጠስ» የሚባል ጥፋት ተጨመረ። ጡረታው የደረሰ የሒሳብ ሠራተኛ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ «በ‹ኪ› የሚጀምር ዘፈን በወቅቱ ባለማዘጋጀቴ ግለ ሂስ አደርጋለሁ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሳቀ ሰው አልነበረም። እንዲያውም አንዷ እጇን አውጥታ፣ ጓዱ ችግሩን በጥልቀት አላየውም፣ የአመለካከት ችግር አለበት ብላ አስተያየት ሰጠችበት። እሷን እስካሁን ባየኋት ቁጥር መንገድ እለውጣለሁ።

የአለቃው ዕውቀት ራሱ ከእጅ ጣት አያልፍም ነበር። የሚያውቃቸው ዘፈኖች ጥቂት ስለሆኑ ከሱ ቀድሞ የሚዘፍነው ሰው ለጌታው የሚመች ፊደል ላይ የሚያልቅ ዘፈን ሲፈልግ ይሰነብታል። የዲግሪ ምሩቅ ነው እንዲህ ሲለፋ የሚውለው። የቃላቱን ትርጉም የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ እሱም አያውቅም። ስለ ምን ነው ሲሉት «ስለ ፍቅር ነው» ይላል። ከበላይ አካል ሰው ካለ ደግሞ «ስለ ሥራ ፍቅር» ይለዋል።

እኔስ አልዘፈንኩም? ዘፍኛለሁ። ዝውውር ፈላጊ ነበርኩ። ባሌ ደብረ ብርሃን ነው የሚሠራው። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ መሐል ሜዳ ልጅ የሚይዝልኝ ሰው አጣሁና ሴት ልጃችንን ደብረ ብርሃን ለአማቴ ትቻት ተመለስኩ። ደመወዝ በተቀበልኩ ቁጥር በሚኒባስ ሄጄ አይቻት እመጣለሁ። አፏን ስትፈታ «እማ» ያለችው አማቴን ነው። አማቴ ደግ ሴት ናቸው፤ «እማሽ ያቻትና» እያሉ ወደኔ ይገፏታል፣ እሷ ቀሚሳቸውን ይዛ ትደበቃለች። ዝውውር የሚፈቅደው አለቃው ነው። የሚፈቅደው ውጤቱ ከፍ ላለ ሠራተኛ ነው፤ ውጤት ደግሞ አሁን ዘፈን ሆኗል። ስለዚህ ግጥሙን በኛ ፊደል ገልብጬ ሽሮዬን እያማሰልኩ አጠናው ጀመር፣ እንደ ልጅነቴ የዳዊት ንባብ፣ ሳይገባኝ።

አርብ ከሰዓት ባለጉዳይ አይስተናገድም። ከጓሳ በኩል በእግርና በፈረስ የመጡ ገበሬዎች፣ አንዱ ለበግ መድኃኒት፣ አንዱ ለዘር፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናቸውን ተከናንበው ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። ዘበኛው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላቸዋል። ከመስኮቱ የሚወጣውን እየሰሙ ምን ዓይነት ስብሰባ ነው ብለው አይጠይቁም፤ ከመንግሥት ቤት የሚወጣ ነገር ብዙ ጊዜ አይገባቸውም ነበር።

አንድ አርብ ከበላይ እንግዳ መጣ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ የአለቃው አለቃ። የለውጥ ሥራችንን ሊጎበኝ ነው። አለቃው የራሱን ሰንሰለት አሰለፈ፣ እኔን መጨረሻ ላይ አደረገኝ። ከዚያ በፊት ቢሮው ጠርቶ «የዛሬውን ካሳመርሽ የዝውውርሽን ነገር እናየዋለን» ብሎኛል። እሱ ጀመረ፣ ከሱ ቀጥሎ ያሉት ተቀባበሉ፣ ማንም አልወደቀም። ማይኩ እኔ ጋ ደረሰ። ዘፈኑን ግማሽ ሳላደርስ መብራት ሄደ።

በመሐል ሜዳ መብራት መሄዱ ብርቅ አይደለም። ሙዚቃው ጠፋ፣ ግጥሙም ከቴሌቪዥኑ ላይ ጠፋ። አለቃው ቆጣሪውን እኔ የነቀልኩት ይመስል አፈጠጠብኝ። ካቆምኩ ሰንሰለቱ ተበጠሰ፣ ዝውውሩም ቀረ። ቃላቱን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ዜማው ግን ያለ ማሽኑ አልመጣልኝ አለ። እኔ ከመሐል ሜዳ ራቅ ብሎ ያለው የዘመሮ ልጅ ነኝ። ዜማ ሲጠፋኝ የመጣልኝ አክስቶቼ ለቅሶ ቤት የሚያወርዱት ዜማ ነው። የጃፓኑን ግጥም በሱ ቀጠልኩት። ትንሽ እንደሄድኩ ልጄ ትዝ አለችኝና ድምፄ ተሰበረ፣ እንባዬ መጣ፣ አላቆምኩም።

በሩ ተከፈተ። በኛ አገር ለቅሶ የሰማ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይጠይቃል። ገበሬዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ባናቸውን አደግድገው፣ አንድ በአንድ ገብተው በግድግዳው ሥር ቆሙ። አንዲት እናት ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሉኝ። ሰዉ ሁሉ አነባ፤ የሒሳብ ሠራተኛውም አለቀሰ፣ እሱ እንኳ የራሱ ምክንያት ነበረው። አንድ ሽማግሌ ከፊት የተቀመጠውን እንግዳ የሐዘኑ ባለቤት ነው ብለው ጎንበስ አሉና «እግዜር ያጥናዎ» አሉት። እንግዳው ተነሥቶ እጃቸውን ጨበጠ። «እኛም እናመሰግናለን» አላቸው።

ከዚያ ንግግር አደረገ። ሕዝብ የለውጥ ሥራን እንዲህ በእንባ ሲቀበል አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። አለቃው አንገቱን ደፍቶ በትሕትና ሰማ። ከዚያ ሁሉ ሰው እውነቱን የሚናገር አንድ አልተገኘም፣ ጭብጨባው ነው የቀለጠው።

ሽማግሌው ሲወጡ አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ ማንሽ ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተብኝም፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ልጄን ሰው ጋ ትቼ ነው። አታውቀኝም።»

«እሱም ያስለቅሳል» አሉና ሄዱ። የመጡበትን የበግ መድኃኒት ሳያገኙ ነው የሄዱት።

በዓመቱ መጨረሻ ግምገማ የኔን ውጤት የሚያህል አልነበረም። ማመልከቻዬን ይዤ ገባሁ። አለቃው አንብቦ ሳቀ።

«ዝውውር? አንቺ? ሰንሰለቱ በማን የቆመ መሰለሽ? አንቺን ለቅቄ እንግዳ ሲመጣ ምን ይዤ ልቀርብ ነው?»

«አሳምሪና እናየዋለን ብለውኝ ነበር እኮ።»

«አየነዋ። አየነውና አንቺ የምትለቀቂ ሠራተኛ አይደለሽም።»

«ልጄ አታውቀኝም፣ ጌታዬ።»

«ልጅ ምን አለበት፣ ያድጋል» አለ። አዘነልኝ መሰለኝ፣ ማይኩን ቅዳሜና እሑድ ቤቴ ወስጄ እንድለማመድበት ፈቀደልኝ። የምስክር ወረቀትም ሰጠኝ። ባልዘፍን ኖሮ ዝም ብሎ ይለቀኝ ነበር፤ ድምፅ የሌላት አንዲት ባልደረባዬ በዚያው ክረምት ተለቅቃለች።

ከዚያ እንግዳው አለቃችንን ወደደው። መስከረም ሳይጠባ ደብረ ብርሃን ትልቅ ወንበር ተሰጠውና ማጫወቻውን ይዞ ተሳፈረ። መሸኛ ግብዣው ላይ ያለቀሱ አሉ፤ የሚቀጥለው ሰኞ ግን ስለ ሰንሰለት የሚያነሣ ጠፋ። አዲሱ አለቃ የሚወደው እግር ኳስ ነው። ትናንት የጃፓን ዘፈን ስም ሲያጠና የነበረው ምሩቅ አሁን የኳስ ቡድን ስም እየሸመደደ ነው። የኔን ማመልከቻ አዲሱ አለቃ፣ ገና ሠራተኛውን ስላላወቅሁ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ አለው።

ባሌ ደወለልኝ። የድሮ አለቃሽ እኛ ሰፈር ቤት ተከራየ አለኝ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ልጅቱን ወዷታል፣ ከረሜላ ይገዛላታል፣ ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ያዘፍናታል። «ስሚያትማ» ብሎ ስልኩን አፏ ላይ አደረገላት። እኔ ሽሮ እያማሰልኩ ያጠናሁትን አንዱን ዘፈን፣ አንድም ቃል ሳትስት፣ ከነዜማው ዘፈነችልኝ። ስትጨርስ «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። ከዚያ አባቷን፣ «ሴትየዋ ማን ናት?» ስትለው ሰማሁ።