ያ ክፍል ፈረሰ!

እልል በሉ፣ ፈረሰ! ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ የነበረው፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ሰው ሲገረፍበት የነበረው ክፍል ዛሬ ፈረሰ! ደስታው የወሎ ሰፈር የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ሁሉ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን የዚያች ሴትዮ ነው።

ከነዋሪዎቹ አንዷ ሐሚዳ የሴትዮዋን ስም አታውቅም። ነዋሪዎች ሰፈራቸውን ራሳቸው እንዲያቅዱ ቀደም ሲል በአዳራሹ በተሰጠው ሥልጠና ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው ያየቻት። ሴትዮዋ በቀሚሷ ላይ ትከሻው የተቀደደ የወጣት ወንድ ጃኬት ትደርባለች። ለበር ጀርባዋን አትሰጥም፤ በሩ ጓ ብሎ ሲዘጋ ጃኬቱን ጭምድድ አድርጋ ትይዛለች።

አሠልጣኙ፣ "እስቲ እትዬ፣ ለሰፈሩ ምን ይቅደም?" ቢላት፣ "ያ የኋላው ክፍል ይፍረስና መንገድ ይውጣበት" አለች።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው። "ክፍሉ ደግሞ ምን አደረገዎት?"

"እኔንማ ምንም።"

ድምፅ ስጡ ሲባል መጀመሪያ ሐሚዳ እጇን አወጣች፤ ወዲያው ያልወጣ እጅ ጠፋ!

ዛሬ ሴትዮዋ ዶማውን ከወንዶቹ እጅ መንጭቃ ግድግዳውን ትፈልጠው ጀመር። መዳፏ ተልጦ እጀታውን ደም አራሰው።

"ኧረ ይረፉ እትዬ!" አሏት።

"ልጄን መቼ አሳረፉት!" ብላ ደገመችው። ግድግዳው ተደርምሶ ዋናው መንገድ ወለል ብሎ ታየ።

ሐሚዳ አላስቻላትም። ባሏ አብዱልገኒ ከዚያ ክፍል እያነከሰ ከወጣ ወዲህ፣ ክፍሉን ላለማየት ሲል በሰፈሩ ጋራዥ በኩል ዞሮ ነው ሥራ የሚሄደው። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ "አብዱ! ነገ በቀጥታው መንገድ ነው የምትሄደው!" እያለች ወደ ቤቷ በረረች።