ጀርባ የሌለው ቤት

ፊደል አልቆጠርኩም። ይህንንም እኔ እያወራሁ ልጄ ናት በስልኳ የምትጽፈው። ያልጣማትን ቆርጣ እንዳታወጣ አስምያታለሁ።

ነገሩ የመጣው በካርቶን ነው። የልጄ ባል ለስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ የአሻንጉሊት ቤት ገዛላት። ታዲያ ቤቱ ገና ቤት አይደለም፤ ካርቶን ውስጥ የተኛ ስስ ስስ ጣውላ ነው፣ ገጣጥማችሁ ሥሩት ተብሎ የሚሸጥ። ግድግዳው ለብቻ፣ ጣሪያው ለብቻ፣ አልጋው እንኳ እግሩ ተነቅሎ በላስቲክ ታስሯል። አባትየው ቢሮ የሚውል ሰው ነው። አንድ እሁድ ሙሉ ታግሎ ሁለት ግድግዳ አቆመ። አንደኛውን ገልብጦት መስኮቱ ወለሉ ላይ ዋለ።

"ይሄ የአይጥ መስኮት ነው?" አልኩት።

"እማማ፣ እርስዎ ይሥሩታ እንግዲህ" አለኝ ላቡን እየጠረገ።

እሱ ቀልዱን ነው። እኔ ግን ቃሉን ያዝኩት።

ለምን እንደያዝኩት ልንገራችሁ። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆቿ ሥራ ስላላቸው አያቶቿ ጋ ነው የምትውለው። አንድ ቅዳሜ እኔ ጋ ሰንጋ ተራ፣ አንድ ቅዳሜ የአባቷ እናት ጋ ላንቻ። የአባቷ እናት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ እኔ ቲቸር ነው የምላቸው። ግቢ አላቸው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን አላቸው፣ ተረት ከመጽሐፍ ያነቡላታል። እኔ ያለኝ የካዛንቺሱ ሠፈራችን ለልማት ሲነሳ የገባሁበት ኮንዶሚኒየም ነው፤ አንድ ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ። ተረቴም ከአፌ ነው። መጨረሻውን ስለምረሳው በየጊዜው ጅቡ ሌላ ሰው ይበላል።

ያን ሰሞን ልጅቷ "በዚህም ቅዳሜ ላንቻ ልሂድ" ማለት ጀምራ ነበር። አንዴ ሄደች፣ ሁለቴ ሄደች። በሦስተኛው ቅዳሜ ገንፎ አገንፍቼ ብቻዬን በላሁት። እኔ ናፈቀኝ ብዬ የምነፋረቅ ሰው አይደለሁም። በቃ ቅዳሜው አልመሽ አለኝ።

ሁላችንም ልጄ ቤት ምሳ ላይ ሳለን የካርቶኑ ነገር ሲነሳ ልጅቷ ራሷ ፈረደች። "ቤቱ የጨረሰው ሰው ጋ ይቀመጣል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነኝ።"

ቲቸር መነጽራቸውን አደረጉና የአሠራር መመሪያውን ወረቀት ከካርቶኑ አወጡ። "ምንም ችግር የለም፣ እያነበብኩ ቀስ ብዬ እገጥመዋለሁ" አሉ። እሳቸው ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርሱ እኔ ካርቶኑን በነጠላ አዝዬ በሩ ጋ ነበርኩ።

"እትዬ፣ መመሪያው እኮ እኔ ጋ ቀረ።"

"ይያዙት ቲቸር። እርስዎ ያንብቡ፣ እኔ ልሥራ።"

ማለቴ፣ ቤት መሥራት ለእኔ አዲስ አይደለም። ልጆቼን ያሳደግኩት በቀን ሥራ ነው። ካዛንቺስ ያን ሁሉ ፎቅ ስታበቅል ሲሚንቶውን አቡክቻለሁ፣ አሸዋውን ከጓደኛዬ ጋር በባሬላ፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ተሸክመናል። አንድ ግንበኛ ነበረን፣ ወሬ የሚወድ። አንድ ቀን ሲያወራ ሲያወራ በር መተው ረስቶ ባሬላችንን ውስጥ አስቀርቶ ክፍሉን ዙሪያውን ገነባው። ፎርማኑ ሲያስፈርሰው ሁለት ቀን ፈጀ። እኔ በእነዚያ ሁለት ቀናት ባለፍኩ ቁጥር ግድግዳውን እያንኳኳሁ "ባሬላዬ፣ አደርሽ ወይ?" እል ነበር። ስንት ዓመት ሳቅኩበት። ለልጅ ልጄም እንደ ተረት አሥር ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ መጨረሻውን የማልረሳው እሱን ብቻ ነው።

ሥራውን ጀመርኩ። ጣውላው ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ስልክ የምደውል ሰው ቁጥር አይጠፋኝም። ጥርስ ያለው ጣውላ ቀዳዳ ያለው ውስጥ ይገባል፣ ሌላ ምን ጥበብ አለው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሻሸሁ፣ ኮላ ቀባሁ፣ እስኪደርቅ በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጬ ያዝኩት። ያን ሳምንት ልብሴ ሁሉ ገመድ ላይ ያለ መቆንጠጫ ተሰጥቶ የጎረቤቴ በረንዳ ላይ ሲወድቅ ከረመ። በሩን ደማቅ ቀይ ያደረግኩት በልጄ የጥፍር ቀለም ነው። ማን እንደጨረሰባት ይኸው አሁን ስትጽፈው አወቀች።

ምድጃውን ከመኝታው አጠገብ አድርጉ ብለው ቦታ አበጅተውለታል። ሽንኩርት እየሸተተው የሚተኛ ማን ነው? አውጥቼ ጓሮ ከጫማ ካርቶን ማድ ቤት ሠራሁለት። ጓሮ ካለ ደግሞ አጥር ይፈልጋል። ስለዚህ ከሥር የሚሆን ሰፊ የኮምፔንሳቶ ጣውላ አናጢ ጋ ሄጄ አስቆረጥኩ። ከማስቆረጤ በፊት የቤቴን በር ወርድ በስንዝር ለካሁት። ኮምፔንሳቶውን በወርዱም በቁመቱም ከበሩ ወርድ በአንድ ስንዝር አስበለጥኩት። ቤቱን እላዩ ላይ በምስማር መታሁት፣ ደግሜም መታሁት።

ሊያልቅ ሲል አንድ ነገር አየሁ። ፊት ለፊቱ አለ፣ ጎንና ጎኑ አለ፣ የኋላ ግድግዳ የለም። ካርቶኑን ገለበጥኩ፣ አራገፍኩ፣ የለም። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል የሚያሳየው ፊቱን ብቻ ነው። ለልጄ ባል ደወልኩ።

"ግድግዳ አልጋ ሥር ቀርቶብሃል?"

"የምን ግድግዳ እማማ? ስብሰባ ላይ ነኝ።"

በቃ ጥሎታል አልኩ። ጀርባው ተገልጦ የሚታይ ቤት ለልጄ ልጅ አልሰጥም። አናጢው ዘንድ ተመልሼ ልኩን አስቆረጥኩ። ከመዝጋቴ በፊት አልጋውን አነጠፍኩ፣ ከካርቶኑ ጋር የመጡትን ሦስት ትንንሽ ሰዎች፣ እናት አባትና ልጅ፣ ገበታ ዙሪያ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ በኮላ አጥብቄ ዘጋሁት፣ ጠርዙን ቀባሁት። ንፋስ አያስገባም። እንደዚያ የረካሁበትን ቀን አላስታውስም።

ቅዳሜ ልጅቷን ይዘዋት የመጡት ቲቸር ናቸው፣ መመሪያውን በእጃቸው ይዘው። ልጅቷ ቤቱን ስታይ አፏን ያዘች። ዞረችው። እንደገና ዞረችው። በመስኮቱ አየች፣ በቀዩ በር ጣቷን ሰደደች፣ አንድ ጣት ብቻ ገባ።

"እማማ፣ እጄን በየት ላግባ?"

"ለምን ታገቢያለሽ? ሰዎቹ ምሳ ላይ ናቸው።"

ቲቸር ወረቀቱን ገለጡ። "እትዬ፣ ጀርባው ክፍት ይሆናል ነው የሚለው። ልጅ እጇን የምታስገባው በዚያ ነው።"

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የኋላውን ግድግዳ በጣቷ አንኳኳችና "ሰዎች፣ አደራችሁ ወይ?" አለች።

አምላኬን፣ ያ ግንበኛ የትም ይሁን የት የዚያን ዕለት ሳቀ።

"እና አላለቀም ማለት ነው" አለች ልጅቷ። ቅዳሜዬ ከነቀዩ በር ሊሄድ ነው። ቲቸርም ለደግነት ብለው "ግድ የለም፣ ላንቻ እንውሰደውና በመመሪያው መሠረት አስጨርሰዋለሁ" አሉ። ግራና ቀኝ ይዘን በሩ ጋ ደረስን። በወርዱ አልወጣ አለ። አዞርነው፣ በቁመቱም አልወጣ አለ።

"በጎኑ እናዘንብለው" አሉ ቲቸር። የተማረ ሰው በቀላሉ አይሸነፍም። እኔ ይሄን አላሰብኩም ነበር።

"አይሆንም" አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሳ። "ሰዎቹ ይወድቃሉ። ምሳ እየበሉ ነው።"

ቤቱን መልሰን አስቀመጥነው። ቲቸር አንዴ በሩን አዩ፣ አንዴ ኮምፔንሳቶውን፣ አንዴ እኔን። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው ማስመሪያና እርሳስ አወጡ። ጡረታ ወጥተውም ማስመሪያ ይዘው ይዞራሉ።

"መጋዝ አለዎት?"

"ያለ መጋዝ የምኖር ይመስልዎታል?"

እሳቸው አሰመሩ፣ እኔ በትንሿ መጋዝ ቆረጥኩ። እሳቸው "ቀኝ፣ ቀኝ፣ መስመሩን አይልቀቁ" ይላሉ፣ እኔ "ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ አይደለንም" እላለሁ። ልጅቷ በመስኮቱ "አይዟችሁ፣ ልትወጡ ነው" ትላቸዋለች። ግድግዳው ሙሉውን ሲወልቅ ማጠፊያ አልነበረኝም። ነፍሱን ይማረውና፣ ከባለቤቴ ቀበቶ ሁለት ቁራጭ ቆርጬ በትንንሽ ምስማር መታሁት። እሱም ቢያየው አይከፋውም፤ ሱሪውን እንደሆነ ድሮም አልያዘለትም ነበር። አሁን ያ ቤት ጀርባው እንደ ቁም ሳጥን የሚከፈት፣ ማታ የሚዘጋ ቤት ሆነ። እጅ ይገባል፣ ሰውም ጀርባውን አያይም።

"አለቀ?" አልኳት።

ልጅቷ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ከፈተችው። እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ እናትየዋን ከገበታ አነሳቻት።

"አልቋል። ግን ሁለታችሁም ናችሁ የጨረሳችሁት" አለች። አሰበች። "ስለዚህ ቅዳሜ ሁላችንም እዚህ ነን።"

ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ ቲቸር ሦስት ፎቅ እያለከለኩ ይወጣሉ፣ መጽሐፋቸውን ይዘው። እሳቸው ተረቱን ያነባሉ፣ እኔ ጅቡ ማንን እንደሚበላ አስተካክላለሁ። ባለፈው ልጅቷ ጓሮ ውስጥ ዶሮ ስታረባ፣ ማለቴ ከሸክላ የሠራናቸውን ዶሮዎች፣ ቲቸር ማስመሪያቸውን አወጡና ምንም ሳይሉ መጀመሪያ ኮምፔንሳቶውን፣ ቀጥሎ በሬን ለኩ።

"እትዬ፣ በሁለቱም በኩል እኩል ነው የሚበልጠው። ይሄ አጋጣሚ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ ቲቸር" አልኳቸው። "አልተማርኩም።"